ቡና የተባለችውን ኮከብ ከመሃል አዲስ አበባ እንፈልጋት (ኅዳር 2018)

አራዳ_ሰማይ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም።

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ሰማዩ እየጠራ መጥቷል። ጨረቃም ኅዳር 11 ላይ አዲስ ስለምትሆን የሳምንቱ መጨረሻ ምሽቶች ጨለማ ይሆናሉ። ይህ ሳያልፈን ከያለንበት ሆነን አብረን የምንሠራው አንድ ሥራ ላቅርብ፦ ቡናን እንፈልጋት።

ላልሰማችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና እሷን የምትዞር አንድ ፕላኔት መድቦ ስም እንዲያወጡላቸው አድርጎ ነበር። ለእኛ የደረሰችን በመዝገብ ኤችዲ 16175 የምትባለው ኮከብ ናት። ኮከቧ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተባሉ። አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የምትከብድ ግዙፍ ናት፤ ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር 1000 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። አቦልን በእኛ መሣሪያ ማየት አይታሰብም። ቡናን ግን ማየት ይቻላል፤ እስካሁን እዚህ መድረክ ላይ አየኋት ብሎ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም።

ብሩህነቷ 7.3 ገደማ ስለሆነ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል) በባዶ ዓይን አትታይም። 10 በ50 የሆነ (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ይበቃታል። መንገዱ እንዲህ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ እንጦጦ አዙሩና ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ የካ በኩል ዞር በሉ። አናታችሁ አካባቢ ፔጋሰስ የሚባለው ኅብረ ኮከብ ትልቁ አራት ማዕዘን አለ። ከአንዱ ጥጉ ተነሥተው ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወርዱት ሦስት ደማቅ ኮከቦች አልፌራዝ፣ ሚራክና አልማክ ናቸው። ከአልማክ ቀጥሎ ወደ ታች አልጎል አለች። አልማክንና አልጎልን በሐሳብ መስመር አገናኙና መሃሉን በባይኖኩላር ተመልከቱ። ብናኝ የመሰለ የኮከቦች ስብስብ ታገኛላችሁ፤ ኤም 34 ይባላል። ቡና ከእሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚይዙትን ያህል ርቃ፣ በባይኖኩላሩ በሚታየው በዚያው የሰማይ ክፍል ውስጥ ናት።

ለምን ይህ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ነጥብ የሚል ይኖራል። መሃል ከተማ ሆኖ ብቻውን ሰማይ የሚያይ ሰው ውሎ አድሮ ቴሌስኮፑን አልጋ ሥር ሲከተው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መብራቱ፣ ብርዱ፣ ድካሙ ያሸንፈዋል። የሚደውልለት ሰው ያለው ግን ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ምሽት፣ በየጣራችን፣ አንዲት ኮከብ። ኅዳር 12 አርብ ምሽት ይመቻችኋል?


የቀበና_መምህር
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3፡15

ልጆቼ ሐሳቡ ግሩም ነው። ቀኑ ግን አይሆንም። ኅዳር 12 ሚካኤል መሆኑን ረሳችሁት? ኅዳር ሲታጠን ነው። በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው በጭስ ይሸፈናል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ጭሱ ማታም ቶሎ አይወጣም፤ ነፋስ ከሌለ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል፣ ከወንዙ ዳር ለምንኖር ደግሞ ይብሳል። ወደ ቅዳሜ ኅዳር 13 አዛውሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ከእኛ 195 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። የምታዩት ብርሃን ከኮከቧ የተነሣው አገራችን በዘመነ መሳፍንት ሳለች፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ገና ልጅ ካሳ ሳሉ ነው። ይህን ይዛችሁ ተመልከቷት።


አራዳ_ሰማይ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3፡22

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ኅዳር 13 ይሁን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ።


ሱሉልታ_መንገደኛ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4፡02

ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ከመሃል ከተማ ኮከብ መፈለግ ራስን ማድከም ነው። ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን መብራት ታውቁታላችሁ። የሰማይን ጨለማ በሚለካው በቦርትል መለኪያ፣ 9 በጣም ብርሃን የበዛበት ሆኖ፣ 8ኛው ደረጃ ላይ ነን። ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ከእንጦጦ ጀርባ ብትወርዱ ፍኖተ ሐሊብን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ያንን የቀመሰ ሰው ከፒያሳ ጣራ ላይ ሰባት ኮከብ አይቆጥርም።


ብሌን_4ኪሎ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4፡20

ወንድሜ፣ መኪና ላለው ልክ ነህ። እኔ ዶርም የምኖር ተማሪ ነኝ፣ በር የሚዘጋበት ሰዓት አለን። ሌሊት ታክሲ ይዤ ሱሉልታ ልሂድ ብል የሚፈቅድልኝ ቤተሰብ የለም። ለእኔ ሰማይ ማለት ከዚሁ ከግቢ የሚታየው ነው።

ጥያቄም አለኝ። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ 70 በ700 የሆነ (የፊት ሌንሱ ስፋት 70፣ የትኩረት ርዝመቱ 700 ሚሊ ሜትር) ቴሌስኮፕ አምጥቶልኛል። ካርቶኑ ላይ 525 ጊዜ ያጎላል ይላል። በጨረቃ ሞክሬው በጣም ደስ ብሎኛል፤ ትልቁን ቁጥር ስሞክር ግን ጭጋግ ብቻ ነው። ቡናን በዚህ አያታለሁ?


ዶብሶኒያን_ፒያሳ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4፡45

ብሌን እንኳን ደስ አለሽ። ቴሌስኮፕሽ ጥሩ ነው፣ የካርቶኑን ቁጥር ግን እርሺው። መሣሪያ የሚሸከመው ማጉላት በሚሊ ሜትር ከሚለካው የፊት ሌንሱ ስፋት ቢበዛ ሁለት እጥፍ ነው። ያንቺ 140 ማለት ነው፣ እሱም ሰማዩ ሲረጋ ብቻ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 700ን ዓይንሽ ሥር ባለው ሌንስ ቁጥር አካፍዪው። በ25ቱ 28 ጊዜ፣ በ10ሩ 70 ጊዜ ያጎላል። ለቡና 25ቱን ተጠቀሚ፤ ኤም 34ንና ቡናን አንድ ላይ ለጥቂት ይይዝልሻል። ስትጨርሺ 10ሩን ግጠሚና ወደ አልማክ ተመለሺ። በዓይን አንዲት የምትመስለው አልማክ ለሁለት ትከፈላለች፣ አንዷ ወርቃማ፣ አንዷ ሰማያዊ። ከሰማይ ላይ ከሚያምሩኝ ነገሮች አንዱ ነው፤ የመንገድ መብራትም አያበላሸውም። ደግሞ ጥንድ ኮከብ፣ ጨረቃና ፕላኔት ለማየት ሱሉልታ መውጣት አያስፈልግም። የከተማ ሰማይ የራሱ ሀብት አለው።

ለሁላችሁም ስለ ጣራ ልንገራችሁ፣ ይህን ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛልና። ቆርቆሮም ሆነ ኮንክሪት ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። በዚያ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ፕላኔት እንደ ፈላ ውኃ ይርገበገባል። ከጣራው ጠርዝ ራቁ፣ ከጎረቤት ጭስ ማውጫም አቅጣጫ ሽሹ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይሻላል። እኔ የምቆመው ከሮቶው ጀርባ ነው። የውኃው ታንከር የመንገዱን መብራት ሙሉ በሙሉ ይከልልኛል፣ እዚያ ጥላ ውስጥ ሩብ ሰዓት ስቆይ ዓይኔ ሌላ ሰማይ ያያል። ቴሌስኮፑንም ከማየታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ከውጭው አየር ጋር እስኪስማማ ምስሉ አይረጋም።


የሌሊት_ተረኛ
ኅዳር 9፣ ከሌሊቱ 7፡30

ሱሉልታ_መንገደኛ፣ እኔ በሌሊት ሥራ የማድር ሰው ነኝ። ከምሠራበት ሕንፃ ሰገነት ላይ በእረፍቴ ሰዓት ነው የማየው። ባይኖኩላሬን ከደብተሬ ጋር በቦርሳ እይዛለሁ።

ከዚህ መድረክ ያገኘሁትን ልንገርህ። ባለፈው መብራት ሲጠፋ፣ ገና ጄኔሬተሮቹ ሳይነሡ፣ ከመድረኩ ሰዎች ሦስት መልእክት ደረሰኝ፦ «ውጪ!» «ሰማዩን እዪ!» «ፒያሳ ጠፍቷል፣ እናንተም ጋ ጠፍቷል?» የሚሉ። ሌላው ሰው ሻማ ሲፈልግ እኛ ደረጃ እየወጣን ነበር። እስከ ካዛንቺስ ድረስ ጨልሞ ሰባቱ ከዋክብት አናታችን ላይ ፍጥጥ ብለው ታዩ። ብቻዬን ብሆን እሱንም ተቀምጬ መብራቱ እስኪመጣ እጠብቅ ነበር።


ሱሉልታ_መንገደኛ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1፡10

እህቴ፣ ተቀብያለሁ። መጓዝ የማይችለውን ሰው ሳላስብ አልተናገርኩም፣ ግን አነጋገሬ ሌላ መስሏል። ቅዳሜ እኔ እዚያው ሜዳዬ ላይ ሆኜ እፈልጋታለሁ፣ እናንተ ከከተማ ሆናችሁ። እናወዳድራለን።


ናሆም_77
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 4፡00

ከርዕስ ልውጣና፣ ቲክቶክ ላይ 3አይ አትላስ የሌላ ፍጡር መርከብ ናት የሚሉትን አይታችኋል? ከዚህ ትታያለች?


አወያይ_ኮከብ
ኅዳር 9፣ ከቀኑ 7፡25

ናሆም፣ ጅራታም ኮከብ ናት። በቺሊ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ያገኛት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2025 ነው። ከሌላ ሥርዓተ ፀሐይ መጥተው ከታወቁት ሦስተኛዋ ናት፤ በ2017 ኦሙአሙአ፣ በ2019 ቦሪሶቭ ቀድመዋታል። ለትናንሽ መሣሪያዎቻችን ደብዛዛ ናት። ስለ እሷ የተለየ ክር ክፈትና እዚያ እንወያይ፣ ይህ ለቡና ይቆይ።


የኤልዳና_እናት
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ትናንት ለልጄ ሳተርንን በቴሌስኮፕ አሳየኋት። ቀለበቷን መጽሐፍ ላይ ስለምታውቀው «ቀለበቱ የት ሄደ?» ብላ አለቀሰችብኝ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?


ዶብሶኒያን_ፒያሳ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡35

መሣሪያው ደህና ነው እትዬ። ሳተርን ፀሐይን በ29 ዓመት ተኩል ገደማ ስትዞር በየ15 ዓመቱ አካባቢ ቀለበቷ በጠርዙ ወደ እኛ ይዞራል። ቀለበቱ ሰፊ ቢሆንም እጅግ ስስ ስለሆነ በጠርዙ ሲታይ ይጠፋል። ዘንድሮ ያ ጊዜ ነው፤ በተለይ በዚህ ሳምንት መጨረሻ፣ ኅዳር 14 አካባቢ፣ በጣም ይቀጥናል። ለኤልዳና በ10 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ አሳዪያትና በሁለት ወገን የወጣውን መስመር ፈልጊ በያት። ሰማዩ ከረጋ ታገኘዋለች። ዓመት በዓመት ደግሞ እየተከፈተ ሲሄድ ራሷ ትከታተለው። ይህን ከመጀመሪያው ያየ ልጅ ብዙ የለም።


የድሮ_ካዛንቺስ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 4፡30

እኔም እገባለሁ። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ወደ ገላን በኩል ወጥተናል። አብረውኝ ሰማይ ያዩ የነበሩ ጎረቤቶች አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ ተበትኗል። የተረፈን ይህ መድረክ ነው። አዲሱ ቦታ ጨለም ያለ ስለሆነ በደቡብ በኩል ካኖፐስ ስትወጣ ጥርት ብላ ትታየኛለች፣ ግንቦት ላይ ደግሞ የደቡብ መስቀልን ከነ አልፋ ሴንታውሪ እጠብቃለሁ።

አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ በመሆኗ ያገኘነውን ጸጋ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የሰሜን ኮከብን በእንጦጦ ራስ ላይ በ9 ዲግሪ ከፍታ ዝቅ ብላ እናያታለን፣ የደቡብ መስቀልንም እናያለን። ለንደን ያለ ሰው መስቀሉን፣ ኬፕ ታውን ያለ ሰው የሰሜን ኮከብን ዕድሜውን ሙሉ ከቤቱ አያይም።


የቀበና_መምህር
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

የድሮ ካዛንቺስ፣ እውነት ብለሃል ልጄ። እዚያው ላይ ልጨምር፤ ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ፣ ልክ በአናታችን ታልፋለች። ጂኦግራፊ ሳስተምር ሚያዝያ ላይ ተማሪዎቼን ሜዳ አውጥቼ ቀጥ ያለ ዱላ እናቆም ነበር። 6 ሰዓት ላይ ጥላው አያልቅም። ልጆቹ ተሳሳትን ብለው ያዝናሉ። 6፡25 ላይ ጥላው ዱላው ሥር ይገባል። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ ወደ ምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ አናት የምትደርሰው 25 ደቂቃ ዘግይታ ነው። ያን ቀን የነበሩ ልጆች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚያነሡልኝ ያንን ዱላ ነው።

አሁን ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ቀኙም እንደ ድሮው አይደለም። ቅዳሜ የልጅ ልጄን ይዤ እወጣለሁ። እኔ መንገዱን እነግራታለሁ፣ እሷ ታያለች።


አራዳ_ሰማይ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 1፡50

ጭሱ እንደ ጋሼ ትንቢት ነው፣ ከእኛ ጣራ እንጦጦ አይታይም። ነገ ይጠራል ብዬ አምናለሁ። የምታስታውሱት ጥቂት ነገር፦ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ ኅዳር ሌሊቱ ውርጭ አለው። ስልካችሁን ቀይ ፌስታል አልብሱት፣ ነጭ ብርሃን ግማሽ ሰዓት የጠበቃችሁትን ዓይን በአንድ አፍታ ያጠፋዋል። ጥበቃ ያለበት ሕንፃ ላይ የምትወጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኛ ጋ ያሉት ጥበቃ መጀመሪያ ትራይፖዱን አይተው መሬት የምንለካ መስሏቸው ነበር፤ አሁን የግቢውን መብራት ራሳቸው ያጠፉልናል፣ ጨረቃ ስትሞላም «ዛሬ አትወጡም?» ብለው ይጠይቃሉ።


ዶብሶኒያን_ፒያሳ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡12

አየኋት። በ8 ኢንቹ ቴሌስኮፔ ሳይሆን በ10 በ50 ባይኖኩላር፣ ለሁላችንም የሚሆን ማስረጃ እንዲሆን ብዬ። ኤም 34 እንደ ብናኝ ይታያል፣ ቡና ከእሱ በላይ፣ ብቻዋን ቆማ ነጭ፣ ምናልባት ቢጫ የነካት። ክንዴን ግድግዳ ላይ ካስደገፍኩ በኋላ ነው የረጋችልኝ። እጅ ሲንቀጠቀጥ ደብዛዛ ኮከብ ይጠፋል፣ ተደገፉ።


ብሌን_4ኪሎ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡31

አልማክ ሁለት ሆነች!!! ሦስት የዶርም ጓደኞቼ ተራ ገብተው አዩ። አንዷ ሰማያዊዋን መጀመሪያ አላየችም፣ ዓይኗን ትንሽ ወደ ጎን ስታደርግ ጮኸች። አሁን ወደ ኤም 34 እየሄድኩ ነው።


የኤልዳና_እናት
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ ጋ የመንገዱ መብራት በረንዳዬን ፊት ለፊት ይመታዋል። አልማክንና አልጎልን በዓይኔ አያለሁ፣ በባይኖኩላር መሃላቸውን ስፈልግ ግን ሁሉም ግራጫ ነው።


የሌሊት_ተረኛ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡44

እትዬ፣ ጋቢውን ከራስሽ ላይ አድርገሽ ባይኖኩላሩንም አብረሽ ሸፍኚው፣ ሰማዩ ብቻ እንዲቀርሽ። ከጎን የሚገባው ብርሃን ነው ችግሩ። እንደዚያ ሆነሽ አሥር ደቂቃ ቆዪ፣ ኤልዳናም ትግባ። ከዚያ ከአልማክ ተነሥተሽ ቀስ ብለሽ ወደ አልጎል ውረጂ፤ አልማክ ከባይኖኩላሩ እይታ በላይኛው ጠርዝ ከወጣች በኋላም ያንኑ ያህል ስትወርጂ መሃሉ አካባቢ ነሽ። እኔም ከዚህ አብሬሽ እያየሁ ነው፣ ስልክሽን አትዪ፣ ስትጨርሺ ጻፊ።


የድሮ_ካዛንቺስ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡58

ገላን ላይ ያለ ምንም ችግር። ኤም 34 ውስጥ ያሉትንም ኮከቦች እየለየሁ ነው። ከድሮ ጎረቤቶቼ ሁለቱን በስልክ ቀሰቀስኳቸው፣ አንዱ ከጀሞ እያየ ነው።


የኤልዳና_እናት
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡15

አገኘናት። መጀመሪያ ያየቻት ኤልዳና ናት፣ ከጋቢው ሥር «ትንሿ!» ብላ። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ።


ብሌን_4ኪሎ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡22

እኔም። በ25ቱ ሌንስ ሁለቱም አንድ ላይ ገቡ፣ ስብስቡ በአንድ ጠርዝ ቡና በሌላው። ጋሼ የነገሩንን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ ከልጅ ካሳ ዘመን የተነሣ ብርሃን ነው ብዬ። ዝም ብለው ተራ በተራ ደገሙት።


ሱሉልታ_መንገደኛ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡50

እዚህ ሜዳ ላይ ቡና እንደ መብራት ናት፣ አልዋሽም፣ ሰማዩ አይወዳደርም። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮከብ ከማየት ይልቅ እዚህ የምትጽፉትን ሳነብ ቆየሁ። ኤልዳና ስታገኝ ብቻዬን መኪና ውስጥ አጨበጨብኩ።

ስለዚህ እኔም ላቅርብ። ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 ለእሑድ አጥቢያ የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙበት ሌሊት ነው። መኪናዬ ላይ አራት ቦታ አለ። ሴቶች እህቶች ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር ይምጡ፣ ከአራት ኪሎ እነሣለሁ፣ እዚያው እመልሳለሁ።


አወያይ_ኮከብ
ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 2፡30

በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ለጀሚኒድ የሚከተለውን እወቁ። ምንጩ ፋኤቶን የምትባል አስትሮይድ የተወችው አቧራ ነው፤ አብዛኞቹ የተወርዋሪ ኮከብ ዝናቦች ከጅራታም ኮከብ ስለሚመጡ ይሄኛው የተለየ ነው። ነሐሴ ላይ ያለው የፐርሴይድ ዝናብ ሁልጊዜ ከክረምቱ ደመና በላይ ያልፍብናል፣ ይሄ ግን በበጋው መሃል ነው የሚመጣው። ዘንድሮ ጨረቃ ወደ ማለቂያዋ ስለሆነች ከሌሊቱ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትወጣው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ያለው ሰማይ የእኛ ነው። ጁፒተርም በዚያው በጀሚናይ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ደምቃ ስላለች ምሥራቁን ለማወቅ አትቸገሩም። ለተወርዋሪ ኮከብ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ ምንጣፍ ላይ ጋደም ማለት ነው።

ከተማ የሚቀሩት ከከተማ ይቁጠሩ። ደማቆቹ ከመሃል አዲስ አበባም ይታያሉ።


ዶብሶኒያን_ፒያሳ
ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 3፡05

እኔ ፒያሳ እቀራለሁ፣ ጣራዬ ላይ ስድስት ሰው ይችላል። እስከዚያ ድረስ ለመሃል ከተማ ሰዎች ሌላ ሥራ፦ አልጎልን በዓይናችሁ ተከታተሏት። ወደ 2 ቀን ከ21 ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ አንድ ጊዜ ጓደኛዋ ኮከብ ፊቷ ላይ ታልፍባትና ብርሃኗ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ መውረዱና መመለሱ 10 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፣ ከአልማክ ጋር ማወዳደር ነው። አንድ ቀን እኩል፣ ሌላ ቀን ደብዝዛ ታገኟታላችሁ። ያያችሁበትን ቀንና ሰዓት እዚህ ጻፉ።


የቀበና_መምህር
ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 4፡20

ትናንት የልጅ ልጄ ቡናን አይታ በወረቀት ሣለችልኝ፤ ስብስቡን፣ ኮከቧን፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት። ሥዕሉን ከካርታዬ ጋር አስተያየሁት፣ ትክክል ነው።

ለጀሚኒዱ አንድ ልመና አለኝ። ቆጠራው ለጥናት እንዲሆን ሁላችሁም በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ መዝግቡ፤ ሰዓቱን በየ15 ደቂቃ ክፈሉት፣ ከየት እንደምታዩ፣ ደመና ካለ ምን ያህል እንደሸፈነ ጻፉ። አንዱ የቆጠረውን ሌላው አይጨምር፣ እያንዳንዱ የራሱን ይቁጠር። ከሱሉልታ፣ ከፒያሳ፣ ከገላን፣ ከአራት ኪሎና ከበረንዳ የመጣውን ጎን ለጎን ስናስቀምጠው የከተማው መብራት ስንቱን እንደሚወስድብን በቁጥር እናውቃለን። ሠንጠረዡን እኔ አዘጋጅቼ ማክሰኞ እለጥፋለሁ።


ብሌን_4ኪሎ
ኅዳር 14፣ ከቀኑ 6፡40

ጋሼ ልክ ሲለጥፉት አሳትሜ ለዶርሙ አድላለሁ። ሱሉልታ_መንገደኛ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ እንመጣለን፣ ቤተሰቦቻችንን አስፈቅደናል፤ አባቴ ግን መጀመሪያ በስልክ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል።


ሱሉልታ_መንገደኛ
ኅዳር 14፣ ከቀኑ 6፡52

ደስ ይለኛል። ቁጥሬን በውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ሥራ ላይ አይደለሁም። አራተኛው ቦታ ለየሌሊት_ተረኛ ይጠበቃል፣ ተራዋን መቀየር ከቻለች።


የሌሊት_ተረኛ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡05

ቀይሬያለሁ።